ከፋብሪካው ቱቦ በታች

ውድ አልቅት፣

በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው ከተለያየን ወዲህ ይኑር አይኑር አላውቅም። ፋብሪካው ውስጥ «ኢንጂነር» ነው የሚሉሽ አሉ። እኔ ግን ወረቀቱን ዘርግቼ «ውድ» ካልኩ በኋላ እጄ ሌላ ስም ለመጻፍ እሺ አላለኝም። ልጆቹ ያወጡልሽ ወንዙ ዳር ስለ ውሃ ስታስረዪ፣ አልቅት ባትሽ ላይ ተጣብቆ ደምሽ ወደ ቁርጭምጭሚትሽ እየወረደ፣ «እሱም ቁርሱን ይብላ፣ እኛም ትምህርታችንን እንቀጥል» ብለሽ ንግግርሽን የጨረስሽ ዕለት ነበር። እኔንም በዚያው ሰሞን «ፉጨት» አሉኝ፤ ፊሽካዬ ከአንገቴ ስለማይወርድ።

ለምን እንደምጽፍልሽ ብትጠይቂኝ ቀጥ ያለ መልስ የለኝም። ታርቄሽ ይሁን፣ ወይስ ያልጨረስነውን ጠብ ልጨርስ ፈልጌ፣ ጽፌ ሳበቃ ይገባኝ ይሆናል። ሰሞኑን ልጆችን የማስተምርበት አንደበቴ ተሳስሯል። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲሆንብኝ የማወራው ከአንቺ ጋር ነበር። አሁን የተሳሰረብኝ ደግሞ በአንቺው ጉዳይ ነው።

ልጆችን ስለ ወንዙ የምናስተምርበት ማዕከላችን አሁንም እዚያው የድሮው መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል፤ ማይክሮስኮፖቹን በላስቲክ እንሸፍናለን። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ግድግዳ ላይ ሁለታችን የሳልነው ፋብሪካ አለ፤ ጥቁር ምራቁን ወንዙ ላይ የሚተፋው። አፉን የሳልሽለት አንቺ ነሽ፤ ጥርስ የጨመርኩለት እኔ ነኝ። ስንት ልጅ እዚያ ሥዕል ሥር ቁጭ አድርገን አስተማርን። ወንዙ አንድ ቀን ቀይ፣ ሌላ ቀን አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ «ዘንድሮ የሚለበሰው አረንጓዴ ነው ማለት ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ የፋብሪካው የጨርቅ ቀለም ነዋ። ቀልዱ የሚያበቃው ከፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ በታች መረባችንን ስንነክር ነው። ከቀይ ትል በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አይወጣም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የናሙና ሳህኖቹን አብረን እያጠብን ሳለ «ፋብሪካው የአካባቢ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ላመልክት ነው» አልሽኝ።

«ትቀልጃለሽ» አልኩሽ።

«አልቀልድም። ውጭ ቆሜ መጮህ ሰልችቶኛል። ገብቼ ልሞክረው።»

«አንቺ አትለውጪውም። እሱ ነው የሚለውጥሽ።»

«ሊሆን ይችላል» አልሽና ሳህን መደርደርሽን ቀጠልሽ።

ያቺ «ሊሆን ይችላል» ናት እስከ ዛሬ ያልተፈጨችልኝ። ብትቆጪ እቆጣ ነበር፤ ብትከራከሪኝ መልስ አላጣም ነበር። ለ«ሊሆን ይችላል» ምን ይመለሳል? ቻው እንኳን በወጉ አልተባባልንም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አይቼሻለሁ። አንዴ አንቺ አላየሽኝም፤ አንዴ ሁለታችንም ያልተያየን መስለን አለፍን።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ።

ካሉት ልጆች መካከል አንዷን ብታውቂያት ነፍስሽ ነበር የምትወዳት። ጠበቃ ነው የምንላት። ገና አስረኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ መለሎ፣ ዓይኗን ሳትሰብር የምትከራከር። የማታምንበትን ነገር ከጻፍሽ ጠመኔውን ከእጅሽ ልትቀማ ምንም አይቀራት። አባቷ ድልድዩ ሥር ያለው ትልቁ ላቫጆ ባለቤት ነው። ስንጀምር አካባቢ አንድ የውሃ ጎማና አንድ ባልዲ ይዞ መኪና ያጥብ የነበረው ሰውዬ፣ እሱ ነው። ዛሬ ሞተርም ያጥባል፣ ዘይትም ይቀይራል፤ የሰፈሩ ግማሽ ጎረምሳ እንጀራው እዚያ ነው።

የሰፈሩ ሰዎች ውሃው ከልክ በላይ ሲሸታቸው በፋብሪካው ላይ ለከተማው አቤት አሉ። ፋብሪካው ከላይ ነው፣ እነሱ ከታች ናቸው፤ ሌላ ማን ይጠረጠራል? የኮሚቴያቸው ሰብሳቢ ደግሞ ይኸው የጠበቃ አባት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ማዕከሉ ድረስ መጣ።

«የእናንተ ልጆች ይለኩልን» አለኝ። «እኛ ብንናገር ጠላት ናቸው ይሉናል። ልጅ አይዋሽም።»

ደስታዬን አልደብቅሽም። ስንት ዓመት ስናወራው የኖርነውን ወጣቶቹ ራሳቸው ለክተው፣ የከተማው ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽ ሊናገሩት ነው። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺም ትሰሚዋለሽ ብዬ አሰብኩ። ያልኳትን ትየው ብዬ።

መጀመሪያ ቱቦው ሥር ሄድን። ጠበቃ ሱሪዋን ጠቅልላ ገባች፣ አንድ ድንጋይ ገለበጠች፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ቲቸር፣ ይቺ ባለሦስት ጭራዋ አይደለችም እንዴ?»

አጎንብሼ አየሁ። ነበረች። የጥፍር ቁራጭ የምታህል የውሃ ነፍሳት፣ ሦስቱን ጭራዎቿን እያወዛወዘች ነጩ ሳህን ውስጥ ትዋኛለች። ውሃው ትንሽ ሲበላሽ ቀድማ የምትሞተው እሷ መሆኗን እኔና አንቺ ለስንት ልጅ ነግረናል። ሌላ ድንጋይ ገለበጡ፤ እዚያም አለች። ሌላም፣ ሌላም። ልጆቹ መጮህ ጀመሩ፣ ዓሣ ያጠመዱ ይመስል።

«ሳህኖቹን ቀላቅላችሁ ይሆናል» አልኩ።

በሌላ ሳምንት ሄደን እንደገና ለካን። ያው ነው። በሦስተኛው ደግሞ ቦታው ትክክል አይደለም ብዬ ቱቦው አፍ ድረስ አስጠጋኋቸው። ያው ነው።

«ፋብሪካው ቅዳሜ ቅዳሜ አይሠራ ይሆናል። እኛ የምንመጣው ሁሌ ቅዳሜ ነው» አልኳቸው።

ጠበቃ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ቲቸር፣ ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይቺ እኮ ውሃ ውስጥ ለወራት ነው የምትኖረው። ማክሰኞ መርዝ ቢለቁባት ቅዳሜ አናገኛትም። ቅዳሜን ጠብቃ አትወለድም።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

«ደግመን የምንለካው ውጤቱ ስላልጣመዎት ነው?» አለችኝ ቀጥላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በቀላሉ ማመን ነውር ነው፣ ደግማችሁ ለኩ ብለን ነው ያሳደግናቸው። የፈለግነው ቁጥር ሲመጣ ግን ደግመን ለክተን እናውቃለን ወይ? ከቱቦው በታች ቀይ ትል ብቻ ባገኝ ኖሮ ያን ቀን መረቤን አጥቤ በደስታ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ይህን እያሰብኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያም ስለ አንቺ ማሰብ ጀመርኩ። አንቺ ነሽ? ጠይቄ ነበር፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረኝ። ፋብሪካው ሥራ ስለቀነሰ ነው የሚሉ አሉ። የጨርቁ ገዢዎች ውሃችሁን ካላጣራችሁ ጨርቃችሁን አንነካም ብለዋቸው ነው የሚሉም አሉ። አንዱ ደግሞ «አንዲት ሴት አለች፣ አለቆቹን ቁም ስቅል ያሳየች፤ ማጣሪያው ካልቆመ አልፈርምም ብላ» አለኝ። ይህን ስሰማ አልቅት ከያዘች አትለቅም አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ ቆጣ አልኩ። እንደዚያ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ቀን በሩን ገፍተሽ «ነይ፣ የሆነውን እዪ» ብትዪኝ ምን ነበረበት? አላምንሽም ብለሽ ነው? ምናልባት አላምንሽም ነበር። አንቺ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ፤ አንቺ እንዳትሆኚም እፈልጋለሁ። ሁለቱ እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ ካልገባሽ፣ ለእኔም አልገባኝም።

ግን ከታች ያለው ውሃ ይሸታል። ሰፈሩ አልዋሸም። ስለዚህ ልጆቹ ከቱቦው ተነስተው፣ ባለሦስት ጭራዋ የምትጠፋበትን ቦታ ፍለጋ በወንዙ ዳር ቁልቁል ወረዱ። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ድንጋይ እየገለበጡ «አለች!» እያሉ። ድልድዩ ጋ እስክንደርስ አለች። ድልድዩን እንዳለፍን የለችም። ውሃው ላይ የዘይት ቀስተ ደመና ተዘርግቷል፤ ድንጋዩ ሥር ያለው ጭቃ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ መረቡ ውስጥ የቀረው ቀይ ትል ብቻ ነው። ከፍ ብለን ስናይ የላቫጆው ቦይ ነው የሚወርደው። እላይ አንድ ልጅ እየዘፈነ የመኪና ሆድ ያጥባል።

ልጆቹ ሁሉ ጠበቃን አዩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «መረቡን አቀብሉኝ።»

ውጤቱ በሕዝብ ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲቃረብ ለብቻዋ ጠራኋት። «ሌላ ሰው ያቅርበው» አልኳት።

«ሌላ ሰው ካቀረበው አባቴን የሚሰድበው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። እኔ ላቅርበው።»

«ነግረሽዋል?»

«ልነግረው ሞክሬ ነበር። ‹ያዛችሁት አይደል ፋብሪካውን?› አለኝና ራሴን ዳብሶኝ ሄደ። በጣም ደስ ብሎት ነበር፣ ቲቸር።»

ያኔ ማስቆም ነበረብኝ? አባቷን ቀድሜ ሄጄ ማናገር ነበረብኝ? ወይስ ልጅቷ ራሷ የመረጠችውን መንገድ ልተውላት? እስካሁን እያመላለስኩት ነው። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

አዳራሹ ሞላ። የከተማው ሰዎች ከፊት ተቀመጡ። አባቷ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ መጥቷል፤ አጠገቡ ላሉት «ያቺ የኔ ናት» እያለ በጣቱ ያሳያል። ጠበቃ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ እያሳየች ከቱቦው ጀመረች። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ድምፅዋን አላነሳችም። ድልድዩ ጋ ስትደርስ የላቫጆውን ቦይ አሳየች።

«ውሃው የሚሞተው እዚህ ጋ ነው» አለች። «ይኼ ላቫጆ የኛ ነው። እኔ የተማርኩት፣ ጫማዬም የተገዛው ከዚህ ነው። አባቴ እዚያ ተቀምጧል።»

አባቷ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ልጄን እዚህ የላክኋት ፋብሪካውን እንድትከስልኝ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። «እኔን ይዛ መጣች። እሺ፣ ይሁን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ግን ይንገሩኝ። ስንት ዓመት ወንዙን የገደለው ያ ነው ሲሉን ኖሩ። ግድግዳችሁ ላይ ጥርስ አብቅላችሁ ስላችሁታል፣ አይቼዋለሁ። አሁን አንተ ነህ አላችሁኝ። የቱን ልመን?»

«ሁለቱንም» አልኩ። «ያኔ እሱ ነበር። አሁን...» እስክጨርስ አልጠበቀኝም፤ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ከኋላ አንዲት እናት ተነሱ። «ድሮ ከእኚህ ጋር አብራ ታስተምር የነበረችው ሴት አይደለችም እንዴ ዛሬ ፋብሪካ የገባችው? ተመሳጥረው ነው!»

«ኧረ እኛ አንነጋገርም!» ልላቸው ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። እንዲያ ብዬ ምን ላተርፍ? የተኳረፍኳትን ሰው አንስተው ተመሳጠራችሁ ሲሉኝ፣ ሳቅም እንባም በአንድ ላይ መጣብኝ። ጠበቃ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። አንቺን አታውቅሽም። እንዲህ ያለች ሴት መኖሯን የሰማችው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማዕከል መምጣት አቆመች። ቀኑ ሲረዝምብኝ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው።

«አባቷ ከልክሏት እንዳይመስልዎት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱማ ሂጂ ይላታል። እሷ ናት እምቢ ያለችው። ሁለቱም በአንድ ገበታ ይቀርባሉ፣ ሁለቱም አይበሉም። ይግቡና ያናግሩልኝ እባክዎ።»

አልጋዋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«ቲቸር፣ የተናገርኩት ልክ ነው አይደል?»

«ልክ ነው።»

«ልክ ከሆነ ለምንድነው እንዲህ የሚያመኝ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ያቺ ፋብሪካ የገባችው ሴት ማናት?» አለችኝ። ነገርኳት። የአልቅቱንም ጭምር። ትንሽ ሳቀች። «እሷንስ አሟት ይሆን?» አለችኝ።

አልቅት፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ መጥቶልኝ አያውቅም ነበር። ሄድሽ እንጂ፣ ስትሄጂ አሞሽ እንደሆነ አላሰብኩትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ማዕከሉን ስከፍት አባቷ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሙሉ ልብሱን ሳይሆን የሥራ ቱታውን ለብሷል። ወንበር ብሰጠው እምቢ አለ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል» አለ። «ሥሩን ነግራችሁኛል። ጥሩውን ማን ያምጣው? ልዝጋ? ያ ሁሉ ልጅ ወዴት ይሂድ? ልቀጥል? ልጄ ዓይኔን አታይም። ዘይቱን ከውሃው የሚለይ ጉድጓድ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያውቁታል?»

አውቀዋለሁ አልኩት። በሥዕል አውቀዋለሁ። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስዬዋለሁ። ስፋቱ ምን ያህል፣ ጥልቀቱ ምን ያህል፣ ግድግዳው ምን ይለበጥ፣ የተንሳፈፈው ዘይት በምን ይነሳ ቢለኝ ግን ከሥዕሉ ማለፍ አልችልም። የታመመ ውሃ የሚለዩ ልጆች አፍርቻለሁ፤ አንዲት ቦይ እንኳን አድኜ አላውቅም። ይህ ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ ግማሽ ነው ወይስ ሙሉ? ሰሞኑን የሚያስተኛኝ አጥቻለሁ።

«የሚያውቅ ሰው አለች» አልኩት።

«ያቺ የፋብሪካዋ?»

«አዎ።»

«ትመጣለች?»

«አላውቅም። ብትመጣ ሰፈሩ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ ራሴ ምን እንደምል አላውቅም።»

ፊቱን በእጁ አበሰ። «እህቴ» አለኝ፣ «እኔም ልጄ ምን እንደምትለኝ ሳላውቅ ነው ጠዋት ጠዋት ቤቴ የምነቃው። ምን ይደረጋል፣ ይነቃል።»

ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ወይስ ይቅርታ እስክትጠይቂኝ ልጠብቅሽ፣ አልለየሁትም። ባለሦስት ጭራዋን የመለስሻት አንቺ ካልሆንሽም ንገሪኝ፤ አንቺ ከሆንሽም ንገሪኝ፤ በሁለቱም የምደነግጥ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ልጆቹ ይነሳ አይነሳ ብለው ድምፅ ሊሰጡበት ነው። እኔ ድምፅ አልሰጥም ብያለሁ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ጥርሱን የሳልኩት እኔ ስለሆንኩ» አልኳቸው፤ አልገባቸውም።

ጠበቃ ተመልሳለች። እንደ ድሮዋ አትከራከርም፤ ያም አስጨንቆኛል። አባቷ ግን መልስሽን አልጠበቀም። ትናንት ከሰዓት ከላቫጆው ጀርባ ገመድ ዘርግቶ መቆፈር ጀመረ። ጠበቃ ትንሽ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ምንም ሳትናገር አካፋ አንስታ ከጎኑ ገባች። ሌሎቹም ልጆች ተከተሏት። እኔም ገባሁ። ምን ያህል ጥልቅ መሆን እንዳለበት ማናችንም አናውቅም። ቦታውም ልክ ላይሆን ይችላል። ዛሬም ቀጥለናል፤ ነገም እንቀጥላለን፤ ትልቅ ጉድጓድ እየሆነ ነው።

ልክ ካልሆነ ነይና አስደፍኚን።

ጭቃ በጭቃ የሆነችው፣
ፉጨት